የአባቴ ግራ ዓይን፦ በዓይን ዙሪያ የሚወጣን መሸብሸብ እንዴት እንከላከል፣ እንዴትስ እናክም

አባዬ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። 31 ዓመት ነድቷል፤ አብዛኛውን ኤንትሬ በሚባለው የጭነት መኪና፣ በሚሌ በኩል በሚያልፈው የአሰብ መንገድ። ጡረታ ከወጣ በኋላ እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር እሁድ እሁድ ፂሙን የምላጭለት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ቀኝ ጉንጩን ጨርሼ ወደ ግራው ስዞር ምላጩን እንደያዝኩ ቆምኩ። ፊቱ የሁለት ሰው ይመስላል። በቀኝ ዓይኑ ጥግ ሦስት ቀጫጭን መስመሮች አሉ፤ እነሱም ሲስቅ ነው የሚጎሉት። በግራው በኩል ግን ከዓይኑ ጥግ የተነሱ ጥልቅ መስመሮች ተዘርግተው ጆሮው ሥር ይደርሳሉ። ቆዳው ወፍሯል። በጣቴ ወጠር ሳደርገው እንኳ መስመሮቹ አልጠፉም።

«አባዬ፣ ይሄ ጎን ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

«የመስኮቱ ጎን ነው» አለኝ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «የሚሌ ፀሐይ የገባችው በዚያ ነው።»

ያኔ የፋርማሲ ተማሪ ነበርኩ። ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ የአንድ ሾፌር ፎቶ ወጣ። ሰውየው 69 ዓመቱ ነው፤ 28 ዓመት የዕቃ ማመላለሻ መኪና ነድቷል። ግራ ፊቱን ሳየው አባዬን ያየሁ መሰለኝ። ምክንያቱ ዩቪኤ የሚባለው የፀሐይ ጨረር ነው። የሚያቃጥለውን ጨረር፣ ዩቪቢን፣ የመስኮት መስታወት አብዛኛውን ያስቀረዋል። ዩቪኤ ግን መስታወቱን አልፎ ወደ ቆዳ ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ ቆዳን ወጥሮ የያዘውን ኮላጅን ቀስ በቀስ ይበጣጥሳል። አያቃጥልም። ስለማያቃጥልም ማንም አይጠነቀቀውም።

አሁን መድኃኒት ቤት ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ 22 ዓመት ሆኖኛል። የምሠራው ሳሪስ ነው። «ለዓይን ዙሪያ የሚሆን ክሬም አላችሁ?» የሚል ሰው የማይመጣበት ቀን የለም። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ወንዶችም ይመጣሉ፤ ሰው እስኪወጣ ጠብቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቃሉ። ለሁሉም ስለ ክሬሙ ከማውራቴ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የፀሐይ መነጽር አላችሁ? ኮፍያስ? ብዙ ጊዜ መልሱ የለኝም ነው። ሰው ገንዘቡን ከኋላ ጀምሮ ሲያወጣ ማየት ያሳዝነኛል። ውድ ክሬም ይገዛና ራሱን ሳይሸፍን ፀሐይ ላይ ይወጣል። ይህን የምጽፈው ቆመን በሁለት ደቂቃ የማልጨርሰውን ነገር ቁጭ ብዬ ላስረዳችሁ ነው።

መጀመሪያ መስታወት ያዙ

ጠዋት ፊታችሁን ታጠቡና መስኮት አጠገብ ቁሙ። ምንም አትቀቡ። ከልባችሁ ሳቁ፤ ከዚያ ፊታችሁን አሳርፉና እዩ።

ስትስቁ ብቻ የሚወጡ፣ ፊታችሁ ሲያርፍ የሚጠፉ መስመሮች ከሆኑ የጡንቻ ናቸው። ዓይናችንን ዙሪያውን የከበበ ጡንቻ አለ። በሳቅን ቁጥር፣ ፀሐይ ዓይናችንን ባጠበበው ቁጥር ይሰበሰባል፤ ቆዳውም አብሮት ይታጠፋል። እዚህ ደረጃ ላይ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ መከላከል ብቻ ይበቃችኋል። ፊታችሁ አርፎም የሚታዩ ከሆኑ ግን እጥፋቱ ረግቷል። ክሬም ያለሰልሰዋል፤ አይሰርዘውም።

ከዓይን ሥር ደግሞ እንደተጨማደደ ስስ ወረቀት ያለ ነገር ይታያል። እሱ ብዙ ጊዜ ድርቀት ነው። ትንሽ ቫዝሊን ነካ አድርጉበትና ከ10 ደቂቃ በኋላ እዩት። ከለሰለሰ መልሱን አገኛችሁ፤ የሚያስፈልጋችሁ ማለስለሻ ነው።

እብጠት ሌላ ጉዳይ ነው። ከዓይን ሥር እንደ ከረጢት ያበጠን ነገር የመሸብሸብ ክሬም አይነካውም። ጠዋት ጠዋት ሁለቱም ዓይናችሁ ሥር ካበጠ፣ እግራችሁም አብሮ ካበጠ፣ እባካችሁ ክሬም ቤት ሳይሆን ሐኪም ቤት ሂዱ። ኩላሊት ሊሆን ይችላል።

እዚያው መስኮት አጠገብ ፎቶ አንሱ። አንዱን ስቃችሁ፣ አንዱን ሳትስቁ። ሰዓቱንና የቆማችሁበትን ቦታ ጻፉ። በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ለምን ከፊት ሁሉ ዓይን ቀድሞ እንደሚሸበሸብ ታውቁ ዘንድ፦ የዓይን ቆብ ቆዳ ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በሰውነታችን ላይ ከዚያ የሳሳ ቆዳ የለም። ወዝ የሚያመነጩ ዕጢዎቹም ጥቂት ናቸው። ሳስቶ፣ ደርቆ፣ ቀኑን ሙሉ ይንቀሳቀሳል።

ፀሐይ

«እኛ ጥቁር ነን፣ ፀሐይ ምን ያደርገናል?» ይሉኛል። ግማሽ እውነት አለው። ሜላኒን ይከላከልልናል። ከፀሐይ ቃጠሎ የመከላከል አቅም የሚለካው ኤስፒኤፍ በሚባል ቁጥር ነው፤ የጥቁር ሰው የላይኛው ቆዳ በተፈጥሮው ኤስፒኤፍ 13 አካባቢ የሚሆን መከላከያ እንዳለው ተለክቷል፤ የነጭ ሰው 3 አካባቢ ነው። ስለዚህ መሸብሸብ እኛ ጋ ዘግይቶ ይመጣል። ዘግይቶ ይመጣል እንጂ አይቀርም። የአባዬ ቆዳ ጠይም ነበር።

የምንኖርበትን ከፍታ ደግሞ አስቡት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የዩቪ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ለምድር ወገብም ቅርብ ነን። ደብረ ብርሃን ላይ፣ 2,800 ሜትር አካባቢ፣ ነፋሱ ብርድ ስለሆነ ፀሐይ ያለች አይመስልም። እማዬ የዚያ ሰው ናት። ጋቢ ለብሰው ፀሐይ የሚሞቁ አሮጊቶችን እዚያ ስታዩ ፊታቸው ላይ ያለው መስመር የዕድሜ ብቻ አይደለም። ብርዱ ያታልላል። የክረምት ደመናም ያታልላል፤ ስስ ደመና አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ያለችው ፀሐይ ናት ክፉዋ። ከቻላችሁ በዚያ ሰዓት በጥላው በኩል ሂዱ። ታክሲ ስትጠብቁ ከሰልፉ ሳትወጡ ጥላ ፈልጉ። ጃንጥላ ለዝናብ ብቻ አይደለም፤ እናቶቻችን ለቅሶ ቤት ሲሄዱ የሚይዙት በምክንያት ነው። ኮፍያ ከሆነ ዙሪያውን ክፈፍ ያለው ይሁን፤ የቤዝቦል ኮፍያ የዓይንን ጎን አይሸፍንም። ነጠላ የለመዳችሁ ደርባችሁ ልበሱት። ያልተደረበ ስስ ጥጥ ጨረሩን ያሳልፋል።

መነጽር ላይ ትንሽ ልቆይ። የፀሐይ መነጽር ሁለት ሥራ ይሠራል። ጨረሩን ይከላከላል፤ ዓይናችንንም ከማጥበብ ያሳርፈዋል። ግን ጥቁር መሆኑ ብቻ አይበቃም። ከሱቅ በደረቴ የሚገዛው አንዳንዱ መነጽር ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ነው። ጨለማ ስለሆነ የዓይናችን ብሌን ይሰፋል፤ ጨረሩ ካልተከለከለ ደግሞ በሰፊው በር ይገባል። «ዩቪ 400» የሚል ፈልጉ። ጽሑፉን ካላመናችሁት፣ ብዙ መነጽር ቤቶች መለኪያ መሣሪያ አላቸው፤ በደቂቃ ይነግሯችኋል። ሰፋ ያለ፣ ጎኑን ጠምዘዝ ብሎ የሚሸፍን ይሁን። መሸብሸቡ የሚጀምረው ጎን ላይ ነዋ!

ለሾፌሮች ለብቻው። የመኪና የፊት መስታወት በመሐሉ ፕላስቲክ ስላለው ዩቪኤን ያስቀረዋል። የጎኑ መስታወት ብዙ ጊዜ እንደዚያ አይደለም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ የምትውሉ፣ መስኮቱ ዝግ ቢሆንም ግራ ፊታችሁን ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ተቀቡ። የፀሐይ መነጽር አድርጉ። ይህን ለአባዬ የነገረው ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ሰንስክሪን። ከሁሉም ክሬሞች አንድ ብቻ መግዛት ብትችሉ እሱን ግዙ። እ.ኤ.አ. በ2013 ከአውስትራሊያ የወጣ ጥናት አለ። ናምቦር በምትባል ከተማ 903 አዋቂዎችን ለአራት ዓመት ተኩል ተከታተሉ። በየቀኑ እንዲቀቡ የተደረጉት፣ ሲፈልጉ ብቻ ይቀቡ ከነበሩት ጋር ሲነጻጸሩ የቆዳቸው እርጅና 24 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሰዎቹ በአብዛኛው ነጮች ናቸው፣ አዎ። ለእኛ ግን ሌላ ጥቅምም አለው፤ ማዲያትን ይከላከላል።

ኤስፒኤፍ 30 በቂ ነው። በትክክል ከተቀባ ከዩቪቢ 97 በመቶውን ያስቀራል፤ 50ው 98 በመቶ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ሰው የሚሳሳተው በመጠኑ ነው። በሁለት ጣት ርዝመት ጨምቃችሁ ለፊትና ለአንገት ተጠቀሙበት። ከዚያ ያነሰ ከሆነ የተጻፈውን ቁጥር አታገኙትም። ዕቃው ላይ «ብሮድ ስፔክትረም» የሚል ወይም በክብ ውስጥ «ዩቪኤ» የሚል ምልክት ይኑረው። አለዚያ ከቃጠሎ ብቻ ነው የሚያድናችሁ።

ዓይን ያቃጥላል የሚለው ቅሬታ እውነት ነው። ሲያልበን ወደ ዓይን ይወርዳል። መፍትሔው ለዓይን ዙሪያ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን መምረጥ ነው፤ በተለይ እንደ ከንፈር ቀለም ተጠቅልሎ የሚወጣውን ደረቁን ዓይነት። እሱ አይፈስም። ነጭ ሆኖ የሚቀር ከሆነ ቡናማ ቀለም ያለው አለ። ቀለሙን የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ ማዲያት ላለባቸው ተጨማሪ ጥቅም ይሰጣል። ውጭ የምትውሉ ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙ። መኪና ውስጥ አታስቀምጡት፤ ሙቀት ያበላሸዋል።

አጨንቁሮ ማየት

ባለፈው ዓመት አንዲት ሴት መጣች። 44 ዓመቷ ነው፤ ልብስ ሰፊ ናት። በዓይኖቿ ጥግና በቅንድቦቿ መሐል ያለውን መስመር አሳየችኝና ክሬም ጠየቀች። አንዱን አንስቼ ሰጠኋት፣ ጀርባውን እንድታነበው። ክንዷን ዘረጋች። ራቅ አደረገችው። ዓይኖቿን አጠበበች፣ አፍንጫዋን ሰበሰበች፣ አሁንም ራቅ አደረገችው። መስመሮቹ በሙሉ ፊቷ ላይ ተሰለፉ።

«እህቴ፣ መርፌ ላይ ክር ስታስገቢ እንዲህ ነው የምታደርጊው?» አልኳት።

«እሱማ ልጄ ነው የሚያስገባልኝ» አለች።

ክሬሙን አልሸጥኩላትም። መነጽር ቤት ላክኋት። ከ40 ዓመት በኋላ የዓይናችን ሌንስ ይደነድናል፤ የቅርቡን ማየት ይከብዳል። ይህ የማይደርስበት ሰው የለም። ሰው ግን «መነጽር ያስረጃል» ብሎ ዓመታት በማጥበብ ያሳልፋል፤ ፊቱ ላይ የሚቀረው ማጥበቡ ነው። ከሁለት ወር በኋላ መነጽሯን አድርጋ መጣች። በቅንድቧ መሐል ያለው መስመር አልጠፋም፤ ግን እንደ ድሮው ጠልቆ አልታየኝም። ልጇም ከክር ማስገባት ተገላግሏል። የስልካችሁንም ፊደል አተልቁት።

ጭስ ሌላው ነው። እማዬ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ነው ያሳደገችን። ምጣዱ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗን አጥብባ ጭሱ ውስጥ ስትጋግር ትዝ ይለኛል። ኤሌክትሪክ ያላችሁ ምጣዱን ወደዚያ ቀይሩት። ማገዶ ከሆነም ምርጥ ምድጃ ጭሱን ይቀንሰዋል። ለቡና ከሰል ስታያይዙ በአፍ እፍ ከማለት ማራገቢያ ያዙ፤ ፊታችሁን መልሱ። ሲጋራ ደግሞ ከውጭ በጭሱ፣ ከውስጥ በመርዙ ኮላጅንን ያጠፋል። እሱን ማቆም ከየትኛውም ክሬም ይበልጣል።

ዓይን ማሸትም አለ። በአቧራው ወቅት ዓይናቸው የሚያሳክካቸው ሰዎች በቡጢ ያሻሉ። በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለአምስት ደቂቃ አሳርፉበት። ካልተወ የዓይን ሐኪም ይየው። ጎረቤት የሰጣችሁን የዓይን ጠብታ ግን አትጨምሩ።

ማታ

በአለርጂም ባይሆን ብዙዎቻችን ዓይናችንን የምናሸው ኩል ስናነሳ ነው። ጥጥ ላይ ትንሽ ዘይት አድርጉ። የተዘጋ ዓይን ላይ ሃያ ድረስ እየቆጠራችሁ አሳርፉት። ከዚያ ወደ ታች ሳብ። አትፈትጉ። ስለ ኩል ካነሳን፣ ከድንጋይ የሚፈጨው ባህላዊው ብዙ ጊዜ እርሳስ የሚባለው ብረት አለበት። ለሕፃናት በፍጹም አትኳሉ።

ቀጥሎ ማለስለሻ። ሽታ የሌለው ተራ ሎሽን፣ ግሊሰሪን ያለበት፣ ፊት ገና እርጥብ እያለ። ለሁለቱ ዓይኖች አንድ የምስር ፍሬ ያህል ይበቃል። በቀለበት ጣታችሁ፣ ዓይንን በከበበው አጥንት ላይ ነካ ነካ እያደረጋችሁ። ቆቡ ላይ አይደለም። የበዛ ከሆነ ሌሊት ወደ ዓይን ይገባል፣ ወይም ነጫጭ ቅንጣቶች ያወጣል። «የዓይን ክሬም» ተብሎ በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ከተራው ማለስለሻ እምብዛም አይለይም። ሃያሉሮኒክ አሲድ ያለበት ውኃ ይይዛል፤ ለጥቂት ሰዓት ቆዳውን ሞላ ያደርገዋል። ጥሩ ነው። ግን ለዚያ ብላችሁ የቤት ኪራይ አታጉድሉ።

መስመርን በእርግጥ የሚቀንስ፣ ብዙ የተጠና የሚቀባ ነገር ከፈለጋችሁ የቫይታሚን ኤ ቤተሰብ ነው። ጠንካራው ትሬቲኖይን ይባላል፤ ለስለስ ያለው ሬቲኖል። ትሬቲኖይን የብጉር መድኃኒት ነበር። በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት የቆዳ ሐኪም አልበርት ክሊግማን፣ ለብጉር የሚቀቡት ሴቶች ቆዳችን ለሰለሰ ሲሏቸው ነገሩን ተከታተሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1986 በፀሐይ በተጎዳ ቆዳ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ አሳተሙ። ቆዳው አዲስ ኮላጅን እንዲሠራ ያደርጋል።

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። 41 ዓመቴ ነበር። ቸኮልኩ። ትሬቲኖይኑን በየማታው፣ እስከ ቆቡ ድረስ ቀባሁ። በአምስተኛው ቀን ዓይኔ ሥር ቀላ፣ ተላጠ። ፊቴን ስታጠብ ውኃው ራሱ ያቃጥል ነበር። ቅላቱ በሳምንት ጠፋ። የተወው ጥቁረት ግን ሰባት ወር ቆየ። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ሲቆጣ ይጠቁራል። ለዚህ ነው ለእኛ መቸኮል ከመሸብሸቡ የባሰ ጉዳት የሚያመጣው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ለዓይን ዙሪያ በሬቲኖል ጀምሩ። ትሬቲኖይን በሐኪም ማዘዣ ይሁን፣ ከዝቅተኛ መጠን፣ ለምሳሌ ከ0.025 በመቶ። መጀመሪያ ማለስለሻውን ቀቡ። ሲደርቅ ሬቲኖሉን አጥንቱ ላይ። ለመጀመሪያው ወር በሳምንት ሁለት ማታ ብቻ። ካልቀላና ካላቃጠለ ሦስት፣ ከዚያ አንድ ቀን እየዘለሉ። ካቃጠለ አንድ ሳምንት አርፋችሁ በአንድ ማታ ጀምሩ። ጠዋት ሰንስክሪን ግዴታ ነው። ለውጡን ከሦስት ወር በፊት አትጠብቁ፤ ስድስት ወር ስጡት። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ለማርገዝ ያሰበች ወይም የምታጠባ ሴት ይህን ቤተሰብ ጨርሶ አትንካ። ለእሷ ማለስለሻና ሰንስክሪን ይበቃታል።

በፍጹም የማትቀቡት

ይህን ክፍል ስጽፍ የምትታየኝ አንዲት ልጅ ናት። 24 ዓመቷ ነው። ፊት የሚያጠራ ክሬም ብላ ጓደኛዋ የሰጠቻትን ስትቀባ አንድ ዓመት ተኩል ሆኗታል። ቱቦውን ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችኝ። ክሎቤታሶል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጥርት አደረጋት፤ ሁሉም ሰው አደነቃት። አሁን ዓይኗ ሥር ያለው ቆዳ ከመሳሳቱ የተነሳ ቀያይ የደም ሥሮች ይታያሉ። የ24 ዓመት ልጅ ቆዳ በጣት ሲነካ ተሸብሽቦ ይቀራል። ልታቆመው ስትሞክር ፊቷ እሳት ይሆናል፤ ስለዚህ ትመለስበታለች።

ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታዞን፣ እነዚህ ስቴሮይድ ናቸው። በሐኪም እጅ ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። ለውበት ሲቀቡ ግን ቆዳን ያሳሳሉ፤ በዓይን ዙሪያ ሲሆን የዓይን ግፊትን ከፍ አድርገው ግላኮማ፣ የዓይን ሞራም ሊያመጡ ይችላሉ። ስሙ ያልተጻፈበት፣ በብልቃጥ ተቀላቅሎ የሚሸጥ «ማጥሪያ» ውስጥ ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖን ወይም ሜርኩሪ ሊኖር ይችላል። የምትቀቡት ነገር ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ ይዛችሁ ወደ መድኃኒት ቤት ኑ። እንነግራችኋለን። ለረጅም ጊዜ የተቀባችሁ ደግሞ በአንድ ቀን አታቁሙ፤ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ። ልጅቷን አለርት ሆስፒታል ነው የላክኋት። ለሥጋ ደዌ ታስቦ የተቋቋመ ቢሆንም የቆዳ ሕክምናው ሰፊ ነው።

ከጓዳ

ቅቤ ቆዳን ያለሰልሳል። ፀሐይን አይከላከልም። ጭንቅላት ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መቀመጥ የለመድነው ነገር ነው፤ ቀልጦ ወደ ዓይን ሲወርድ ማሸት ይመጣል። ጥላ ሥር ተቀመጡ። የእሬት ውስጠኛው ጥርት ያለ ፈሳሽ ያቀዘቅዛል፤ ከቅርፊቱ ሥር የሚወጣውን ቢጫውን ግን አጥባችሁ አስወግዱ፣ ያሳክካል። የእንቁላል ነጭ እስኪታጠብ ድረስ ይወጥራል፣ በቃ። ማርና እርድ ብዙ ጊዜ ጉዳት የላቸውም፤ መስመር ግን አያጠፉም። ሎሚ ፊት ላይ አታድርጉ። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን አቃጥሎ ለወራት የሚቆይ ጥቁረት ይተዋል። ውኃ መጠጣት ለጤና ነው፤ የረጋ መስመርን አይነካም። እንቅልፍ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ጎን ፊታችሁን ትራስ ውስጥ ቀብራችሁ የምትተኙ ከሆነ፣ በዚያ በኩል ያለው መስመር ይበልጥ ይጠልቃል። በጀርባ መተኛት ከቻላችሁ ሞክሩት።

መርፌው

ቦቶክስ ስለሚባለው የመሸብሸብ መርፌ የሚጠይቁኝ በዝተዋል። አልቃወምም። ግን ምን እንደሆነ ይወቁ እላለሁ። ካናዳ ቫንኩቨር ውስጥ ጂን ካራዘርስ የምትባል የዓይን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓይናቸው ያለ ፈቃዳቸው የሚጨፈንባቸውን ሰዎች በዚህ መርፌ ታክም ነበር። አንዲት ታካሚ ቅንድቤ መሐል ለምን አልወጋሽኝም ብላ ቅር አላት፤ እዚያ ስትወጋ ፊቷ ዘና እንደሚል ነገረቻት። ሐኪሟ ከባለቤቷ ከአላስቴር፣ ከቆዳ ሐኪሙ፣ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1992 አሳተመችው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለቅንድብ መሐል እ.ኤ.አ. በ2002፣ ለዓይን ጥግ እ.ኤ.አ. በ2013 ፈቀደው።

መርፌው ጡንቻውን ያዝላል። ስለዚህ የሚሠራው ለሳቅና ለማጥበብ መስመር ነው። የፀሐይ ድርቀትን፣ የሳሳ ቆዳን አያክምም። ለውጡ በቀናት ውስጥ ይጀምርና በሁለት ሳምንት ይሞላል፤ ከሦስት እስከ አራት ወር ቆይቶ ያልቃል። ከዚያ እንደገና ነው። ወጪውን በዓመት አስሉት እንጂ በአንድ ጊዜ አታስሉት። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት፣ የጡንቻና የነርቭ በሽታ ያለበት ሰው አይወጋም። በትክክል ካልተወጋ ቆቡ ይወርዳል፤ ለሳምንታትም እንደዚያ ይቆያል። የውበት ሳሎን ወንበር ላይ፣ ቤት ለቤት በሚዞር ሰው አትወጉ። የቆዳ ሐኪም ይሁን። ብልቃጡ ፊታችሁ ይከፈት፤ ስሙንና የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ። የተጭበረበረ ቦቶክስ በዓለም ገበያ ላይ አለ።

ሌዘርና ቆዳ የሚልጥ አሲድ ለጥልቅ መስመር ይሠራሉ። ለእኛ ቆዳ ግን ጥቁረትና ጠባሳ የመተው ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ሐኪሙን «እንደ እኔ ዓይነት ቆዳ ያለው ሰው ሠርተህ ታውቃለህ? ፎቶውን አሳየኝ» በሉት። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። የማያሳይ ከሆነ ሌላ ጋ ሂዱ።

ስድስት ወር ሲሞላ ያን ፎቶ አውጡት። እዚያው መስኮት አጠገብ፣ በዚያው ሰዓት ቁሙ። አንዱን ስቃችሁ፣ አንዱን ሳትስቁ አንሱ። ያልሳቃችሁበትን ከድሮው ጋር አነጻጽሩ። መስመሩ ካልጨመረ መነጽሩና ሰንስክሪኑ ሥራቸውን እየሠሩ ነው፤ ቀጥሉ። ከቀነሰ ሬቲኖሉም ሠርቷል። ጨምሮ ካገኛችሁት መጀመሪያ ስንት ቀን ያለ ኮፍያ እንደወጣችሁ ቁጠሩ፤ ከዚያ መድኃኒት ቤት ኑና እንነጋገር።